በልጄ ሆድ ውስጥ እኔ የለሁም

ኅዳር 8

የወሊድ ፈቃዴ አለቀ። ዛሬ ሥራ ገባሁ።

ጠዋት ልጄን ረዲን አጥቤ፣ አጥብቼ ለጁሀራ አስረከብኩት። ሩቅ አይደለችም። የባሌ የሻፊ ታላቅ ወንድም ሚስት ናት፤ ግቢያችንን አንድ አጥር ነው የሚለየው፣ እሱም መሐሉ ላይ በር አለው። የእሷ ረቢያ ከእኔ ረዲ በአምስት ሳምንት ትበልጣለች። "አታስቢ፣ ሁለቱንም አያለሁ" አለችኝ። አላስብም አልኳት... ከባጃጅ እስክወርድ ሳስብ ነበር።

ላብራቶሪው እንዳለ ነው። ያው ፍሪዘር፣ ያው ጩኸቱ። ከእናቶችና ከሕፃናት ሰገራ በትንንሽ ቱቦ እንቀበላለን፣ ኮድ እንለጥፋለን፣ በበረዶ አሽገን አዲስ አበባ እንልካለን። ሰው ሥራሽ ምንድነው ሲለኝ "ላብራቶሪ" ብዬ ቶሎ ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ አሥራ አራት ናሙና ገባ። ጡቴ እየሞላ ሁለት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለብኩ። ሸሚዜ ረጥቦ ነበር፣ ደግነቱ ጋዎን ደርቤያለሁ።

ኅዳር 9

ረዲ ማታ ጡቴን አልይዝም አለ። ጠግቧል።

ኅዳር 13

እረፍት። ሻፊ ከኮምባይነሩ ጋር ጋሰራ ነው፤ አዝመራው እስኪያልቅ በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ ነው። ቤቱ ጭር ብሏል። ከአጥሩ ወዲያ ጁሀራ ለረቢያ ታንጎራጉራለች። የምትለው አይገባኝም። ከወሎ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ኦሮምኛዬ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። ትናንት ረዲን ስታቀብለኝ ግንባሩን ስማ "ኢልማ ኮ" አለችው። ልጄ ማለት ነው። ይሄን ለማወቅ አስተርጓሚ አልፈልግም።

ልጇ ነው እንዴ?... በሸሪዓው ከሄድን አዎ፣ ነው።

ነሐሴ ላይ ጎባ በኦፕራሲዮን ወለድኩት። በሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ፣ ቁስሉ አመረቀዘ። ዘጠኝ ቀን በመርፌ ተኛሁ። ልጁን ሮቤ እቤት ወሰዱት። ሻፊ በጆሮው አዛን አለበት። አማቴ ተምር አላምጠው ላንቃውን በጣታቸው ቀቡት። ጁሀራ ደግሞ አጠባችው፣ ማንም ሳያዛት፣ አንዱን ጡት ለረቢያ አንዱን ለሱ። ከእኔ በቀር ያልነካው ሰው የለም። ስመለስ ጠግቦ፣ ጉንጩ ሞልቶ ጠበቀኝ። አማቴ እንኳን ደስ አለሽ ካሉኝ በኋላ "በይ እንግዲህ፣ ረዲና ረቢያ የጡት ወንድምና እህት ናቸው፣ ኒካ የለም" አሉኝ። ሁለቱም ገና አንገታቸው አልጸናም፤ እሳቸው ስለ ኒካ!

እናቴ ከኮምቦልቻ በደወለች ቁጥር "የጁሀራን ውለታ እንዳትረሺ" ትለኛለች። አልረሳሁም እኮ። ብረሳው ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 20

ውጤት መጣ። የመጀመሪያው ሳምንትና የመጀመሪያው ወር ናሙናዎች። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ኤልዳድ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሁላችንንም ሰበሰበን። ደስታው የራሱን ልጅ የሚያሳይ ያስመስለዋል፤ ልጅ ግን የለውም።

"ሕፃን ሲወለድ አንጀቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል" አለ። "መጀመሪያ የሚገቡት ባክቴሪያዎች በብዛት ከእናቱ ናቸው። ስትወልደው፣ ስታጠባው፣ ስትስመው። ባክቴሪያው ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ውስጡ ቫይረስ ተደብቆ አብሮ ይገባል። ሰው የሚያሳምም አይደለም፣ ባክቴሪያ ላይ ብቻ የሚኖር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስናይ ማን ከማን እንደወሰደ ይታወቃል።"

"በኦፕራሲዮን የተወለዱትስ?" አልኩ።

"የእናታቸው ይዘገያል። እናቲቱ ብዙ መድኃኒት ከወሰደች ደግሞ ይብስ።"

"እስከዚያ ከማን ይወስዳሉ?"

"ካገኙት ነዋ። ከታቀፋቸው ሰው።"

እየሳቀ ነው የመለሰልኝ። አያውቅም። እርጉዝ ሆኜ እኔም ጥናቱ ውስጥ ገብቻለሁ፣ ጁሀራም ገብታለች፣ እሱ የሚያየው ግን ቁጥር ብቻ ነው። ስምና ኮድ የሚያገናኘው መዝገብ እኔ ጠረጴዛ ውስጥ ተቆልፏል። ማንም እንዳያየው ተብሎ! ቁልፉ ያለው እኔ ጋ።

ኅዳር 21

አየሁት።

ሰው ምሳ ሲወጣ መዝገቡን ከፈትኩ። 041 እኔና ረዲ። 038 ጁሀራና ረቢያ። ከዚያ ሰንጠረዡን ከፍቼ የሁለታችንን ረድፍ ጎን ለጎን አደረግኩ። እኔና ረዲ የምንጋራው ባክቴሪያ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዜሮ። በመጀመሪያው ወር፣ ዜሮ። አንድ እንኳ? አንድ እንኳ የለም። ጁሀራና ረዲ፣ ዘጠኝ። ከነቫይረሶቻቸው።

ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ። ሆዴን የተቀደድኩት እኔ። አፍንጫው የእናቴ ነው ይላሉ ሁሉም... ሆዱ ግን የሷ።

ዕቃ ክፍል ገብቼ የእጅ ጓንት ካርቶን ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው ሲመጣ አቧራ ነው አልኩ።

ኅዳር 22

ይሄ ምን ለውጥ ያመጣል? ምንም። ልጁ ጤነኛ ነው። ሳይንሱን አውቀዋለሁ፣ እያደገ ሲሄድ ከእኔም ይወስዳል።

ታዲያ ለምንድነው ጠዋት ጁሀራ "ነጋ ቡልቴ" ብላ እንደምን አደርሽ ስትለኝ ፊቴን ያዞርኩት?

ኅዳር 26

ዛሬ ያደረግኩትን እጽፈዋለሁ። ማንን እንደማፍር አላውቅም፣ ማንም አያነበው።

መብራት ጠፍቶ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። በአጥሩ በር ስገባ ጁሀራ ደጃፍ ተቀምጣለች። ረቢያ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። ረዲ ጡቷን ይዟል። አንድ እጁ አንገቷ ላይ ነው፣ ዓይኑ ዓይኗ ላይ። ድምፄን ሲሰማ ዞር ብሎ አየኝ። አየኝና... ተመልሶ መጥባቱን ቀጠለ። እንግዳ መጥቶ ማን እንደሆነ እንዳየ ሰው።

"ውጤት መጥቷል" አልኳት።

"የምን ውጤት?"

"የሰገራው። ያንቺ ጡት ለረዲ አይስማማውም። ከእንግዲህ ባይጠባ ይሻላል ተብሏል።"

"ማነው ያለው?"

"ዶክተሩ።"

ክርክር ጠብቄ ነበር። ይልቅ ወዲያው ትንሿን ጣቷን አፉ ውስጥ ከትታ ጡቷን አላቀቀችው። በሻርፗ ጫፍ አፉን ጠረገችለት። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። "ወላሂ አላወቅኩም" አለችኝ። "ምን አለብኝ?"

"ምንም የለብሽም። ለሱ ስላልተስማማው ነው።"

ልጄን ተቀብዬ ገባሁ። ያለቅሳል፣ እኔ ደግሞ... ደስ ብሎኛል። እውነቱን ልጻፍ። ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ።

ታኅሣሥ 2

ረዲን የምትጠብቀው አሁን እትዬ ሸዋርጋ ናት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ያለችው ጡረተኛ አስተማሪ። የጡቴን ወተት አልቤ በጡጦ ትቼ እሄዳለሁ። ጡጦውን ይተፋል። "አመሉ ከየት መጣ?" ትለኛለች። እንዴት ልንገራት።

ማታ ማታ ግን የእኔ ብቻ ነው። ሌላ ስለሌለው ይጠባል፣ አጥብቆ። ስሜው ስሜው አልጠግብም። ጉንጩን፣ እጁን፣ የከንፈሩን ዳር። የእኔም ይግባ! ባክቴሪያዬ፣ ቫይረሴ፣ ያለኝ ሁሉ። ሰው ቢያየኝ አበደች ይላል።

ከጁሀራ ጋር ሰላምታችን በአጥር ነው። እሷ ወደዚህ አትመጣም። ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ። "በሳሙና ታጥቤ ባቅፈውስ?"

"ትንሽ ይቆይ" አልኳት።

ታኅሣሥ 9

ሻፊ መጣ። ገለባ ከፀጉሩ ሳይራገፍ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ረዲ ለምንድነው እዚያ የማይውለው?" ነው። ወንድሙ ነግሮታል።

"ዶክተሩ ነው ያለው።"

"ጁሀራ ሦስት ልጅ በዚያ ጡት አሳድጋ የለ?"

"እኔ ነኝ እንዴ የማወራው? ውጤቱ ነው።"

ዝም አለ። ከተማረ ሰው ጋር ሲከራከሩ ውሎ ከማደር ኮምባይነር መንዳት ይቀላል ብሎ ነው መሰለኝ። "ለማንኛውም አንቺ ታውቂያለሽ" ብሎ ተኛ። ያቺ አባባሉ ከስድብ በላይ አናደደችኝ። ምክንያቱም አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 17

የክብደት ቀን ነበር። ጥናቱ ውስጥ ያሉ ሕፃናት በየወሩ ይመዘናሉ። 038 ብዬ ጠራሁ። ጁሀራ ረቢያን አዝላ ገባች። ስታወርዳት... ያ ክብ ፊት የት ሄደ? ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኳት። ባለፈው ወር ስድስት ኪሎ ከሦስት መቶ ነበረች። ዛሬ አምስት ከሁለት መቶ። አወረድኳት፣ ደግሜ መዘንኳት። አምስት ከሁለት መቶ።

"ምን ሆና ነው?"

"ተቅማጥ። ሁለት ሳምንት ሆናት።"

"ጡት ትይዛለች?"

ቀና ብላ በደንብ አየችኝ። "ምን ጡት? ያን ቀን ተውኩት እኮ። የላም ወተት በውሃ እያቀጠንኩ ነው የምሰጣት።"

"ለምን?! ረቢያን አታጥቢ ያለሽ ማነው?"

"ላንቺ ልጅ ያልሆነ ጡት ለእኔ ልጅ እንዴት ይሆናል? ሐኪም ያለውን እየሰማሁ ልጄን ልመርዝ?"

በቁጣ አይደለም። እንደ ትልቅ እህት ነው፣ እንደሚያስረዳ ሰው። እስክሪብቶዬ ወደቀ። ለማንሳት ጎንበስ ብዬ ብዙ ቆየሁ።

ይሄን እንዴት አላሰብኩም? ሦስት ሳምንት ከአጥሩ ወዲያ ረቢያ ስታለቅስ እሰማ ነበር። እሰማ ነበር! "ጥርስ ይሆናል" ብዬ በሩን እዘጋለሁ።

ታኅሣሥ 18

ጠዋት በአጥሩ በር ሄድኩ። ልናዘዝ ነበር የሄድኩት። አፌ ሌላ ተናገረ። "ጁሀራ፣ አዲስ ውጤት መጥቷል፣ ጡትሽ ደህና ነው፣ አሁኑኑ ጀምሪ" አልኳት። ውሸት በውሸት ላይ። ፈሪ።

አላመነችኝም። "ባለፈው እንዲያ፣ ዛሬ እንዲህ? ዶክተሩ ራሱ ይንገረኝ" አለች። ረቢያ ጭኗ ላይ ተዘርግታለች፣ ዓይኗ ገብቷል። አታለቅስም። ሳታለቅስ መተኛቷ ከልቅሶዋ በላይ አስፈራኝ።

ሮጬ ባጃጅ አስቆምኩ። ዶክተር ኤልዳድን ቢሮው አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት፣ መዝገቡን መክፈቴን፣ በስሙ መዋሸቴን።  ከዚያ "መጀመሪያ ልጅቷ" አለና መኪና አስነሳ። ረቢያንና ጁሀራን ጭነን ጎባ። እሱ መንገድ ላይ ለጁሀራ አንድ ነገር ብቻ አላት፤ "እኔ ጡትሽን አታጥቢ ብዬ አላውቅም።" ጁሀራ ወደ እኔ ዞረች። እኔ በመስኮት የስንዴ ማሳ አያለሁ። የታጨደውን፣ ያልታጨደውን።

ታኅሣሥ 19

ረቢያ ጉሉኮስ ላይ ናት። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ኮሪደሩ ላይ ለጁሀራ ነገርኳት። በአንድ ትንፋሽ። ዶክተሩ ምንም አላለም፣ እኔ ነኝ፣ ረዲ ባንቺ ሲረካ ማየት አቃተኝ፣ ሆዱ ውስጥ ያንቺ እንጂ የእኔ እንደሌለ አየሁና...

"ቀንተሽ ነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"በጡት?"

"አዎ ጁሀራ።"

ብትመታኝ በወደድኩ። "አስተግፊሩላህ" አለች። ደግማ ደጋግማ፣ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ከዚያ ገብታ ልጇ እግር ሥር ተቀመጠች። በሩን አልዘጋችውም፣ እኔም አልገባሁም።

ታኅሣሥ 21

ተቅማጡ ቆመ። አልሃምዱሊላህ። ግን የጁሀራ ወተት የለም። ሦስት ሳምንት አልተጠባም። ረቢያን ብታስይዛትም አቅም የላትም፣ ሁለት ጊዜ ስባ ትደክማለች። በማንኪያ የሚሰጣት ወተት ለጊዜው ነው።

ነርሷ፣ ጎልማሳ ሴት ናት፣ "ወተት የሚመለሰው በመጠባት ነው" አለች። "ጠንካራ ልጅ፣ በቀን ስምንትም አሥርም ጊዜ። በዘመድ እንዲህ ያለ ልጅ አላችሁ?"

ጁሀራ ወለሉን ታያለች። እሷ አትጠይቀኝም፣ ብትሞት አትጠይቀኝም። ክፍሉ ውስጥ ጠንካራ ልጅ ያላት እኔ ብቻ ነኝ።

"አለ" አልኩ።

ታኅሣሥ 22

ሥራ ቀርቻለሁ። ለነገሩ ሥራ አለኝ ወይ? ዶክተሩ ከእናቶቹ ጋር መገናኘት ከልክሎኛል፤ ቀሪውን ኮሚቴ ይወስናል ብሏል። 041 ከጥናቱ ወጥቷል። የአራተኛው ወር ናሙናችን አይመረመርም። ከእኔ ወደሱ የገባ ነገር ካለ መቼም አላውቅም። ይገባኛል።

በጠዋት ረዲን ይዤ በሚኒባስ ጎባ ወረድኩ። በገዛ እጄ ጁሀራ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። ገና ጠረኗ ሸተተው መሰለኝ፣ ራሱን እያወዛወዘ ፈለገና ያዘ። ምንም የሌለው ጡት ነው፣ እሱ ግን ይስባል፣ ይናደዳል፣ ይስባል። ጁሀራ ዓይኗን ጨፍናለች። ይቆረቁራታል። ፊቱን አትደባብሰውም፣ ስሙን አትጠራም፣ እንደ መድኃኒት ነው የያዘችው።

እኔ? ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቀናሁ። ያን ሁሉ አድርጌም ቀናሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ታኅሣሥ 25

አራተኛ ቀን። ምንም።

ታኅሣሥ 28

ከረዲ ከንፈር ዳር ነጭ ነገር አየሁ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት። ወተት! ጮህኩ። ነርሷ ደንግጣ መጣች። ጁሀራ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ለየብቻችን።

ጥር 4

ረቢያ ከሆስፒታል ወጣች። ሻፊ በጎረቤት መኪና አመጣቸው። የሆነውን ሁሉ ከሰማ ወዲህ እኔን ብዙ አያናግረኝም፤ "እራት አለ?" እና "ቁልፉ የት ነው?"። ረዲን በቀን አራት ጊዜ በአጥሩ በር አደርሳለሁ። ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ ሲጨርስ እቀበላለሁ። ጁሀራ ሻይ አትልም። ብትልም እንዴት እጠጣለሁ?

ጥር 12

ረቢያ ስድስት ኪሎ ገባች። እትዬ ሸዋርጋ ናት የነገረችኝ፣ እኔ አልተጠራሁም።

ዛሬ እንደ ወትሮው ረዲን ይዤ ስሄድ ጁሀራ ረቢያን እያጠባች ነበር። የመዋጧ ድምፅ ከደጃፍ ይሰማል። ቆሜ ጠበቅኩ። ስትጨርስ ሌላኛውን ጡት ለረዲ ትሰጠዋለች ብዬ። ወደዚያ ዞራ ለረቢያ ሰጠቻት።

"በቃ" አለችኝ። "ወተቴ ተመልሷል። አላህ ይስጥልኝ፣ ልጅሽ ረድቶኛል። ከእንግዲህ አታምጪው።"

"አንዳንዴ እንኳ..."

"ሳቢሪን፣ ልጅሽን ብቻሽን ፈልገሽው አልነበር? ይኸው። ውሰጂው።"

ቁጣ የላትም። ደክሟታል። ረዲ ድምፅዋን ሲሰማ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ወደሷ ተወረወረ፤ ወገቡን ይዤ ከአየር ላይ መለስኩት። ጁሀራ አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ አንድ ነገር ልትለው... አላለችውም።

አጥሩን ስሻገር መቀርቀሪያው ከኋላዬ ተቀረቀረ። እስከዛሬ ያ በር ሲቀረቀር አይቼ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ጡቴን ሰጠሁት። ያዘ፣ ጠባ፣ ጠገበ። የእኔ ብቻ ነው። ከማንም አልጋራውም። ተኝቶ እንኳ አልፎ አልፎ ይንሰቀሰቃል። ከአጥሩ ወዲያ ረቢያ እየሳቀች ነው፣ እናቷ ታንጎራጉርላታለች። ሁለት ወር ሙሉ በጁሀራ ቀናሁ። ዛሬ በረቢያ ቀናሁ፣ ስለ ልጄ።